የበስራው ሊቅ አል ኸሊልና የፊደላት ስሌት

ከኩዌት ከተማ በጀህራ አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ድንበር ተሻግሮ በስራ ይደርሳል። በጀህራ አቅራቢያ የምትገኘው ካዚማም በቀደመው ዘመን ከበስራ ወደ ደቡብ የሚጓዙ ቅፍለቶች ማረፊያ ነበረች። ታላቁ የቋንቋ ሊቅ ኢማም አል ኸሊል ኢብን አሕመድ አል ፈራሂዲ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያች በበስራ ነው። የተወለዱት በ100 ዓመተ ሂጅራ (718 እ.ኤ.አ.) ገደማ ሲሆን፣ የትውልድ ምድራቸው ዑማን እንደሆነች ይነገራል።

ቁርኣን የሚቀራ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃቸው የፈትሓ፣ የከስራና የዶማ ምልክቶች የዛሬ ቅርፃቸውን ያገኙት ከእርሳቸው እንደሆነ ይወሳል። የዐረብኛን ግጥም በ15 ምቶች የደለደሉትና ሲበወይህን ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው። መኖሪያቸው ግን የሸምበቆ ጎጆ ነበር። የአህዋዝ ገዥ ልጁን እንዲያስተምሩለት በላከባቸው ጊዜ ለመልእክተኛው ደረቅ ዳቦ አሳይተው፣ ይህን እስካላጡ ድረስ ገዥው እንደማያስፈልጋቸው አስታውቀው እንደ መለሱት ይተረካል።

ከሁሉ የሚደንቀው ኪታብ አል ዐይን ለተባለው መዝገበ ቃላት የቀየሱት ዘዴ ነው። ከዐረብኛ ቃላት አንድም እንዳያመልጥ፣ ከሰው አፍ የተሰማውን ከመልቀም ይልቅ ሊኖር የሚችለውን ሁሉ መቁጠርን መረጡ። ካፍ፣ ታእና ባእ ከተበ፣ ከበተ፣ በተከ እየተባሉ በ6 መንገድ ይደረደራሉ፤ ከእነዚህ የሚነገሩት ከማይነገሩት ይለያሉ። ለአራት ፊደላት 6ቱን በ4 ማባዛት 24 ይሰጣል፤ ለአምስት ደግሞ 24ቱን በ5 ማባዛት 120። ከ28ቱ ፊደላት፣ አንዱም ሳይደገም፣ ከሁለት እስከ አምስት ፊደል ያላቸው ቃላት 12,305,412 ይሆናሉ፤ ይህንንም ቁጥር የኋላ ሊቃውንት በአል ኸሊል ስም አስተላልፈውታል።

6፣ 24 እና 120 ዛሬ ፋክቶሪያል የሚባሉት ቁጥሮች ናቸው። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ለመደመር አቋራጭ አለ፤ 100ን በ101 አባዝቶ ለሁለት መክፈል ብቻ ይበቃል፣ ውጤቱም 5,050 ነው። ለማባዛቱ ግን እንዲህ ያለ ቀላል ቀመር አልተገኘለትም። ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1730 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተደረሰበትና በስኮትላንዳዊው ጄምስ ስተርሊንግ ስም የሚጠራው ቀመር እንኳ ግምት ነው፤ ለ5 የሚሰጠው 120 ሳይሆን 118 ገደማ ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን በእርግጥ ከመቶ የሚታሰበው ስሕተት እየጠበበ ይሄዳል። ትክክለኛውን መልስ የሚሻ ግን ዛሬም እንደ አል ኸሊል አንድ በአንድ ያባዛል።

የሕይወታቸው ፍጻሜም ከስሌት ጋር ተያይዞ ይተረካል። አንዲት አገልጋይ ገበያ ሄዳ በነጋዴ ሳትታለል ሒሳቧን የምትሠራበትን ቀላል ዘዴ እያሰላሰሉ መስጂድ ገቡ፤ ሐሳብ ይዟቸው ነበርና ከምሰሶ ጋር ተጋጩ። በዚያው ምክንያት በ170 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ።