የመንግሥትን ገንዘብ ለሕግ ለማስገዛት የጣሩት በጅሮንድ

በጅሮንድ የሚለው ማዕረግ በቀድሞው ሥርዓት የንጉሡን ግምጃ ቤት ለሚጠብቅ ሹም የሚሰጥ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግን ግምጃ ቤት በመጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ የግምጃ ቤቱ ገንዘብ በሕግ እንዲመራ የሚያዘው አንቀጽ የሰፈረበትን የአገሪቱን የመጀመሪያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸው ይታወቃሉ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም በሸዋ፣ በሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት ያደጉ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም ራስን ተከትለው ዓድዋ ዘምተዋል። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተከታትለዋል። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ ሲሆን፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለው የአሰበ ተፈሪ ከተማ መሥራችም ናቸው። የአስተዳደር ብልሹነትን በእንስሳት ታሪክ የሚተቸው ፋቡላ የተሰኘው ሥራቸው በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቲያትር ተደርጎ ይወሰዳል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የታወጀው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። በአርአያነት የተወሰደው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ምክንያቱም የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ሳይነካ ምክር ቤቶችን ያቋቁም ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 የተዘጋጀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንጻሩ ሥልጣንን በሕግ አውጪ፣ በሕግ አስፈጻሚና በሕግ ተርጓሚ መካከል ይከፍላል፤ ሕዝብም እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ ይደነግጋል። በኢትዮጵያ ግን የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ።

ይሁንና ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ጉዳይ ይቀራረባሉ። የአሜሪካው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በሕግ ካልፈቀደ በስተቀር ከግምጃ ቤት ገንዘብ እንዳይወጣ ይከለክላል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የመጨረሻ አንቀጽም የመንግሥት ገቢ ለየሚኒስቴሩ በተመደበው ዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ ወጪ እንዲሆን ያዛል። በጀቱ በገንዘብ ሚኒስትሩ ሐሳብ አቅራቢነት በሁለቱ ምክር ቤቶች ከተመከረበት በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። የማጽደቁ ሥልጣን የዘውዱ ሆኖ ቢቀርም፣ ወጪ አስቀድሞ በጽሑፍ ታቅዶ ሊመከርበት እንደሚገባ በሕግ ሰፍሯል። አርቃቂው በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ስለነበሩ፣ ድንጋጌው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስረው የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ነበር።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር የአገራቸውን አቤቱታ አሰምተዋል። ከወረራው በኋላ በማዳጋስካር ጭምር ረጅም የስደት ዘመን አሳልፈው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በ1969 ዓ.ምም አርፈዋል።

ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ አካባቢ በሚገኝ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው በምክር ቤት ከጸደቀ በጀት ነው። ይህ አሠራር በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው እኒህ በጅሮንድ ባረቀቁት ሰነድ ነው።