ኢያን ፖርተርፊልድ፡ ተስፋ የተቆረጠባቸው ቡድኖች ባለውለታ
በአውሮፓውያኑ 1972 ማብቂያ የእንግሊዙ ሰንደርላንድ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ላለመውረድ ይፍጨረጨር ነበር። በአሠልጣኝ ቦብ ስቶኮ መሪነት ግን በኤፍኤ ዋንጫ ገስግሶ ለፍጻሜ በቃ። በ1973 ዌምብሌይ ላይ የዋንጫው ባለቤት ሊድስ ዩናይትድን 1 ለ 0 ሲረታ፣ ብቸኛዋን ጎል ያስቆጠረው ስኮትላንዳዊው አማካይ ኢያን ፖርተርፊልድ ነበር። ግራኙ ተጫዋች ኳሷን ከመረብ ያሳረፋት በቀኝ እግሩ ነው።

ከ20 ዓመታት በኋላ የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን በጋቦን የባሕር ዳርቻ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ 18 ተጫዋቾቹን አጣ። በሐዘን መካከል እንደ አዲስ የተዋቀረውን ቡድን ፖርተርፊልድ ለ1994ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰው። ናይጄሪያ 2 ለ 1 ብታሸንፍም ዛምቢያ ዳግም ቡድን ነበራት።

ፖርተርፊልድ የአርሜንያ አሠልጣኝ ሳለ በ2007 በካንሰር ሕመም በ61 ዓመቱ አረፈ።