ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስና የመታሰቢያ ቀናችን

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ በዓል ማለት ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማሰብ የሚገባ መስሎ ታይቶናል። የሰፈራችን የሰኞ ገበያ ስም እንኳ ከቀን የመጣ ነው። ቀኑ የታወቀ ስለ ሆነ ከደጋም ከቆላም የሚመጣው ሰው ሳይጠራ ይገናኛል። የአገር በዓልም እንደዚሁ ሕዝብ በአንድ ቀን በአንድ አሳብ የሚገናኝበት ነው። ምክንያቱ የተረሳ በዓል ግን ሰው ወጥቶ ዕቃ እንደ ጠፋበት ገበያ ይሆናል።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋል። ለምን እንደ ተዘጋ ቢጠየቅ የአርበኞች በዓል ነው ብሎ የሚመልስ ተማሪ ብዙ ነው። ከእነዚያ ከተጋደሉት ሰዎች የአንዱን እንኳ ሕይወት አስተካክሎ የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለወሎ ባዕድ ያልነበሩትን የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣን።

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ በፍቼ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሱ። ከዚያም በልዩ ልዩ ስፍራ በመምህርነት እየተዘዋወሩ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ሀብትና ትልቅ ዘመድ ሳይኖራቸው በትምህርትና በምግባር ብቻ ስማቸው እየታወቀ ሄደ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። ይህ ልማድ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ኢትዮጵያውያን በገዛ ቋንቋቸው የሚያስተምር፣ ከወገናቸው የተወለደ ጳጳስ እንዲሾምላቸው ብዙ ደክመው ጠየቁ። በመጨረሻ በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብፅ አገር ተቀብተው ጳጳሳት ሆኑ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ተብለው ሲሾሙ ወሎም በእርሳቸው ሥር ሆነ። የኢጣልያ ሹማምንት በጻፏቸው ወረቀቶች የደሴው ጳጳስ እየተባሉ የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈር ሆነች። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ወደቀች። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ተያዘች።

ከዚህ በኋላ በሹመት ላይ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ለአዲሱ ገዥ የገባ ማዕርጉንና ኑሮውን ይጠብቃል፤ ያልገባ ይሰደዳል ወይም ይሞታል። አቡነ ጴጥሮስ ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ሰላሌ ሄደው ከአርበኞች ጋር ተባበሩ። ጠመንጃ አልያዙም፤ በእጃቸው የነበረው መስቀል ነው። ነገር ግን ለአርበኛው የመስቀል ቡራኬ ከጥይት ያላነሰ ስንቅ ነበር።

በሐምሌ ወር ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች የጦር አለቆች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማስለቀቅ ተማከሩ። ዝናሙ ከባድ፣ ወንዙ ሙሉ፣ መላላኪያውም አስቸጋሪ ስለ ነበር ጦሩ በአንድ ሰዓት ሊገናኝ አልቻለም። ሐምሌ 21 ቀን የተደረገው ውጊያ ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስም በአዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቁ።

ጠላት ከእርሳቸው የፈለገው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። የኢጣልያን መንግሥት እንዲቀበሉ፣ አርበኞችንም ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ተጠየቁ። ይህን ቢያደርጉ ነፍሳቸው ትድናለች፤ ምናልባትም ክብር ይጨመርላቸው ነበር። እርሳቸው ግን አንድም ቃል አልሰጡም። ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው አወገዙ። ከዚህ በኋላ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ሕዝብ እያየ፣ በመስቀላቸው ባርከው በጥይት ተገደሉ።

ጠላት በአንድ መነኩሴ ሞት ሕዝቡ የሚፈራ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን እንዳሰበው አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 ቀን፣ ማለት በ1929 ዓ.ም.፣ አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ፋሽስቶች ለሦስት ቀን ያህል የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁ፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ግምት የሞተው 30,000 ያህል ነው። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶ እየተቆጠሩ ተረሸኑ። አርበኞች ግን አምስት ዓመት ሙሉ ተዋግተው፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ያለው የኢጣልያ ጦር እጁን ሰጠ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማዋ በተያዘች በአምስት ዓመቷ በዚያው ቀን መሆኑ ነው።

ከነጻነት በኋላ ለአቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆመላቸው። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። በስማቸው ብቻ የተሰየመ የአገር በዓል ግን የለም። ሰማዕታትን በምናስብበት በየካቲት 12ና አርበኞችን በምናከብርበት በሚያዝያ 27 ውስጥ ከስም አልባዎቹ ጋር አብረው ይታሰባሉ። የድሉ ቀን ራሱ በደርግ ዘመን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ፣ በኋላ ወደ ጥንቱ ቀን ተመልሷል። ሐውልትም ቀንም በሰው እጅ ሊነሣ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በአሜሪካ የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የታገለው ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1960 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። ደጋፊዎቹ ቀን እንዲሰየምለት አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ በዓሉም መጀመሪያ በ1978 ዓ.ም. ተከበረ። ኋላም ቀኑ ለወገን አገልግሎት የሚውልበት እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ በዓሉን ሕግ ቢያቆመውም የሚሞላው የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ እኛ አዲስ ቀን ይጨመር ብለን አንለምንም። ያሉንን ሁለቱን ቀኖች እንወቃቸው እንላለን። ሰማዕት የሚለው ቃል ለክርስቲያኑም፣ ሸሂድ ለሚለው እስላሙም የታወቀ ነው። በአንድ ወንበር የምንማር የወሎ ልጆች አቡነ ጴጥሮስን የአንድ ወገን ብቻ አድርገን ልናያቸው አይገባንም፤ የሞቱት ለሁላችን አገር ነውና። በሚመጣው ሚያዝያ 27 ከቤት ከመዋላችን በፊት እያንዳንዳችን አያቶቻችንን ስለዚያ ዘመን የሰሙትን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ በዓሉ በእውነት ተከበረ እንላለን።