ነጋሢ ክርስቶስና ዘራቸው፦ ከመንዝ ደጋ እስከ ይፋት ጥግ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲጓዝ ጀውሃን የሚያልፍ መንገደኛ በስተ ምዕራብ እንደ ግድግዳ የቆመውን የደጋ ገደል ይመለከታል። ከገደሉ በላይ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበትና ብርድ የሚበረታበት የመንዝ አገር አለ። ከበታቹ ያለው ደግሞ ማሽላ የሚያፈራውና ደገኛው ንዳዱን የሚፈራው የይፋት ቆላ ነው። ከዚያ ደጋ ተነሥቶ በየትውልዱ ወደ ገደሉ አፋፍ እየተጠጋ መንግሥት የመሠረተው ቤተ ሰብ አባት ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ናቸው።

ነጋሢ የተነሡት እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከ1529 እስከ 1543 በቆየው የኢማም አሕመድ ጦርነት፣ ቀጥሎም በኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ምክንያት ሸዋ ከነገሥታቱ መቀመጫ ተለይታ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ወደ ሰሜን ርቆ በመጨረሻ በጎንደር ጸንቷል። በዚህ ዘመን መንዝ የመሸሸጊያ አምባ ሆነ። የመንዝ ሰው ርስቱን የሚቆጥረው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የተባሉት ሦስቱ ክፍሎችም በትውፊቱ መሠረት ስማቸውን ያገኙት ከሦስት አቅኚ አባቶች ነው።

ነጋሢ የትውልድ ሐረጋቸውን ከአጼ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ ይቆጥሩ ነበር። መቀመጫቸው በመንዝ አጋንቻ ነበር። ይሁን እንጂ በተበታተነው አገር የዘር ሐረግ ብቻውን ሥልጣን አላስገኘላቸውም። የመንዝን ባላባቶች አንድ በአንድ ማስገበር፣ ከአጎራባች ኦሮሞዎች ጋር መዋጋት፣ በያዙትም ስፍራ ሰው ማስፈርና ቤተ ክርስቲያን መትከል ነበረባቸው። በጦር የተያዘ አገር የሚጸናው አራሽ ሲገባበት፣ ታቦት ሲቆምበትና ልጅ ሲወርሰው ነውና፣ የአቅኚነታቸው ዋና ሥራ ይህ ነበር። ለአንዱ ርስት የሆነው መሬት ቀድሞ ለያዘው የጠፋ መሬት ስለ ነበር፣ ጠብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ነበር።

ነጋሢ ያገኙትን ግዛት በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለማስጸደቅ ከ1682 እስከ 1706 ወደ ነገሡት ወደ ታላቁ ኢያሱ ግብር ይዘው ጎንደር ወጡ። በክብር እንደ ተቀበሏቸውም ይነገራል፤ ነገር ግን ወደ አገራቸው ሳይመለሱ፣ በ1703 ገደማ፣ በዚያው በጎንደር በፈንጣጣ ሞቱ። ገና ያልጠነከረው ግዛት መሪውን በሩቅ አገር ባጣ ጊዜ፣ ወደ ቀድሞው መከፋፈል መመለሱ የሚያስፈራ ነበር።

ግዛቱን ከመፍረስ ያዳኑት ልጃቸው ሰብስቴና የልጅ ልጃቸው አቢየ ናቸው። ሰብስቴ መቀመጫቸውን ከአጋንቻ ወደ ዶቃቂት አዛወሩ። አቢየ ደግሞ ወደ ይፋት ተጠግተው በሐር አምባ ተቀመጡ፤ እንደ ትውፊቱም በ1745 ገደማ ከከረዩ ኦሮሞ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ልጃቸው አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን ያዙ። ሐር አምባም ሆነ አንኮበር በደጋው ጫፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ከዚያ ሆኖ ቆላውንና ገበያውን መቆጣጠር፣ ከንዳዱም መራቅ ይቻላል።

ቆላው ግን ባዶ አገር አልነበረም። ከነጋሢ አራት መቶ ዓመት በፊት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ የወላስማ ቤተ ሰብ የይፋትን ሱልጣኔት መሥርቶ ነበር፤ የጥንቶቹ የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች ፍራሽ ዛሬም በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይታያል። የነጋሢ ዘሮች ይፋትን ሲያስገብሩ ይህን ስም አልሻሩትም፤ ወላስማ የይፋት ገዢ ማዕረግ ሆኖ ቀጠለ። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ወደ ደጋው የሚያስወጣውን በርና የጎንቾን እስር ቤት ይጠብቁ የነበሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ደገኛው ቤት ቆላውን ሊያስተዳድር የቻለው በቆላው ባላባት እጅ ነበር።

ከነጋሢ በስምንተኛው ትውልድ የተወለዱት ምኒልክ በ1889 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ነጋሢ ራሳቸው ከግዛታቸው ርቀው ቢሞቱም፣ በአጋንቻ የተጀመረው ሥራ አልተቋረጠም፤ እያንዳንዱ ልጅ አባቱ ከቆመበት ተነሥቶ አንድ አምባ ወደ ፊት ሄዷልና።