አባ ጽጌ ድንግል

አባ ጽጌ ድንግል (በሌላ ስማቸው አባ ጽጌ ብርሃን) በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩ ኢትዮጵያዊ መነኩሴና የግዕዝ ባለቅኔ ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት ማኅሌተ ጽጌ በተባለው ድርሰታቸው ነው። ጽጌ በግዕዝ አበባ ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት አባ ጽጌ ድንግል ከአይሁድ እምነት ወገን የተወለዱ፣ ብሉይ ኪዳንን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ክርስትናን የተቀበሉትና የመነኰሱት በሰሜን ሸዋ፣ ሞረት፣ አቡነ ዜና ማርቆስ በመሠረቱት ደብረ ብሥራት ገዳም ነው። የቅርብ ወዳጃቸው አባ ገብረ ማርያም ደግሞ የወሎው ደብረ ሐንታ መነኩሴ ነበሩ። ሁለቱ የአበባው ወራት ሲደርስ ያን ሁሉ አገር በእግር አቋርጠው ይገናኙና አብረው ያመሰግኑ እንደነበር ይነገራል። ድርሰቱንም ብዙዎች የሁለቱ ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል።

ለድርሰቱ መነሻ የሆነው በእጅ የተጎነጎነ የአበባ አክሊል ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ተአምረ ማርያም ዘካርያስ ስለሚባል ወጣት ይተርካል። ዘካርያስ በየቀኑ 50 ጽጌረዳ እየለቀመ አክሊል ይሠራና በእመቤታችን ሥዕል ላይ ያኖር ነበር። የአበባው ወቅት ሲያልፍ ግን የሚጎነጉነው አጣ። አዘነ፤ በአበባው ፈንታም የገብርኤልን ሰላምታ 50 ጊዜ ይደግም ጀመር። ያ ጸሎት ከአፉ ጽጌረዳ ሆኖ ሲወጣና እመቤታችን ስትሰበስበው ታየ ይላል ታሪኩ።

አባ ጽጌ ድንግልም በዚሁ መንገድ የማይጠወልግ አክሊል በቃል ጎነጎኑ። እያንዳንዱ የማኅሌተ ጽጌ ክፍል አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም በአንድ ፊደል ቤት ይመታሉ። አበባው አንድ ፍቺ ብቻ የለውም። አንዴ ከእሴይ ሥር የበቀለችው በትር ማርያም፣ በላይዋ የፈካው አበባ ክርስቶስ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ እርሷ ራሷ አበባ ትባላለች። የብሉይ ኪዳን ምሳሌ እንዲህ መብዛቱ ደራሲው ቀድሞ ከተማሩት ጋር ይስማማል። ስለ ስደቷ የሚያለቅሰው ሰቆቃወ ድንግልም የእርሳቸው ነው ይባላል።

ማኅሌቱ የሚቆመው በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እስከ እሑድ ንጋት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። ወቅቱ ማርያም ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰብበታል፤ በፈቃድም ይጾማል። ኽምጣኛ በሚነገርበት በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የሚዜመው በግዕዝ ነው። እዚያ ዝናቡ ቶሎ ስለሚያበቃ የሜዳው አበባ ብዙ አይቆይም፤ ዜማው ግን እስከ ኅዳር ይቀጥላል።

ኦስትሪያዊው ምሁር አዶልፍ ግሮማን ድርሰቱን በ1919 እ.ኤ.አ. ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር በላይፕዚግ አሳትሞታል።