የሄንሪ ጆንሰን ኒሻን

ሄንሪ ጆንሰን በአሜሪካ አገር፣ በአልባኒ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወታደሮቹ ጥቁሮች በሆኑበት ጦር ገባ፤ አዛዦቹም ያንን ጦር ለፈረንሳዮች ሰጡት። በግንቦት 1918 አንድ ሌሊት፣ በአርጎን ከጓዱ ጋር ዘብ ቆሞ ሳለ ጀርመኖች ከበቡት። በጠመንጃው ሰደፍና በቢላዋ ተዋግቶ የቈሰለ ጓዱን ከመማረክ አዳነ፤ እርሱም ሃያ አንድ ቦታ ቈሰለ። ፈረንሳይ ወዲያው የጦር መስቀል ሸለመችው። ከገዛ አገሩ ግን አንድም ኒሻን ሳያገኝ በ1929 ሞተ። የሚያስገርመው፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ ጀብዱውን በዚያው ወር በመግለጫቸው ጠቅሰውት ነበር፤ ማስረጃው ከመንግሥት ወረቀት መካከል ተቀምጧል ማለት ነው። ወዳጆቹ ለብዙ ዓመታት አመለከቱ። በ1996 የቁስለኞች ሜዳይ፣ በ2002 የላቀ አገልግሎት መስቀል፣ በ2015 የሁሉ የበላይ የሆነው የክብር ሜዳይ ተሰጠው። የሥጋ ዘመድ ስላልተገኘ የተቀበለለት አንድ የኒው ዮርክ ብሔራዊ ዘብ የበታች ሹም ነው።