አለን ቱሪንግ

አለን ማቲሰን ቱሪንግ (ጁን 23 ቀን 1912 – ጁን 7 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅና ከኮምፒዩተር ሳይንስ መሥራቾች አንዱ ነበር። ኮምፒዩተር ዕውቀቱ ሁሉ በሰው እጅ ከሚሞላለት ይልቅ እንደ ሕፃን እንዲማር ማድረግ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካቀረቡት ሰዎች ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሕይወቱ

ቱሪንግ በለንደን ተወልዶ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ አጠና። በ1936 ባወጣው ጽሑፍ፣ በረጅም ጥብጣብ ላይ ምልክቶችን እያነበበና እየጻፈ በተወሰነ ደንብ የሚሠራ ምናባዊ መሣሪያ ገለጸ። ይህ መሣሪያ ዛሬ የቱሪንግ ማሽን ይባላል። በ1938 በአሜሪካ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ ሆኖ፣ ጀርመኖች በኤኒግማ መሣሪያ የሚልኳቸውን ምስጢራዊ መልእክቶች ከፈቱት ዋና ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ሥራው በምስጢር የተያዘ ስለነበር በሕይወት ሳለ ሕዝብ አላወቀለትም።

ማሽንን ስለ ማስተማር

ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ኮምፒዩተር ነደፈ። በ1948 ለላቦራቶሪው በጻፈው ሪፖርት ማሽን በሽልማትና በቅጣት ሊማር እንደሚችል አስረዳ። ቋንቋ መማር ከሁሉ ይልቅ የሰው ልጅ ጠባይ መሆኑን ቢገልጽም፣ የስሜት ሕዋሳትና እንቅስቃሴ ለሌለው ማሽን እንደሚከብድ ገመተ። ሪፖርቱ በሕይወት ዘመኑ አልታተመም።

በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ በ1950 ማይንድ በተባለ መጽሔት ላይ ሌላ ጽሑፍ አወጣ። እንደ ሰው የሚነጋገር ማሽን 1 ቢሊዮን ያህል የ0 እና የ1 አሃዞች ማከማቻ ሊበቃው እንደሚችል ገመተ። ለማነጻጸርም የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ 11ኛ እትም 2 ቢሊዮን እንደሚይዝ ጠቀሰ። እሱ ራሱ በቀን 1,000 ያህል አሃዝ ፕሮግራም ይጽፍ ስለነበር፣ ሥራው 60 ሰዎችን 50 ዓመት ይፈጃል፤ ያውም አንድም የሚጣል ወረቀት ከሌለ ነው። ስለዚህ የአዋቂን ሳይሆን የሕፃንን አእምሮ የሚመስል ፕሮግራም ሠርቶ ማስተማር እንደሚቀል ሐሳብ አቀረበ። ዓይንና እግር የግድ እንዳልሆኑም ማየትና መስማት የተሳናትን አሜሪካዊት ሔለን ኬለርን ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰ፤ በአስተማሪና በተማሪ መካከል መግባቢያ ካለ ትምህርት ይቻላል።

ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ከ60 ዓመት በኋላ ታየ። በ2010 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኔል የተባለ ፕሮግራም ድረ ገጾችን ሌት ተቀን እያነበበ እውነታዎችን ይሰበስብ ነበር፤ ከስህተቱም የተወሰነውን ሰዎች ያርሙለት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱ

በ1952 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር በነበረው ግንኙነት ተከሶ ተፈረደበት፤ ያን ጊዜ ይህ በእንግሊዝ ወንጀል ነበር። ከእስራት ይልቅ የሆርሞን ሕክምና ተቀበለ፤ በመንግሥት የምስጢር ሥራ እንዳይሳተፍም ተከለከለ። በ1954 በዊልምስሎው በሚገኘው ቤቱ በሳያናይድ መርዝ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 41 ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ራሱን እንዳጠፋ ወሰነ።

የብሪታኒያ መንግሥት በ2009 ስለ ደረሰበት በደል ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013 ደግሞ ንጉሣዊ ምሕረት ተሰጠው። ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጠው ከፍተኛው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሽልማት በስሙ ይጠራል።